የተቀዳ ድምፅን አጥርቶ ስለ ማደስ፤ ከሰም እስከ ዲጂታል ግልባጭ

በ1898 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዓፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃላቸውን በፎኖግራፍ ሰም ላይ አስቀርጸው በመልእክተኛቸው በጆን ሌን ሐሪንግተን እጅ ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ንግሥቲቱ ቃላቸው ከተሰማ በኋላ ሰሙ እንዲጠፋ አዝዘው ስለ ነበር በትእዛዛቸው መሠረት ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በበኩላቸው በ1899 መልሳቸውን በሰም አስቀርጸው ወደ ለንደን ሰደዱ፤ የዚህም ድምፅ ግልባጭ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ መዛግብት ክፍል ተጠብቆ ይገኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያን ዘመን ሰም የሚያዳምጥ ሰው አስቀድሞ ወደ ጆሮው የሚደርሰው ንግግሩ ሳይሆን፣ እህል በምጣድ ላይ ሲቆላ የሚሰማውን የመሰለ መንጣጣት ነው። ጥቂት ታግሦ ጆሮውን ሲያለማምድ ግን ከመንጣጣቱ በስተጀርባ የሰው ቃል መኖሩን ይለያል። እንግዲህ ከሚሰማው ሁሉ የተናጋሪው ድምፅ የትኛው ነው? የሰሙስ የትኛው ነው? ድምፁን ተቀብሎ ወደ መርፌው ያደረሰው መለከት የጨመረውና የቀነሰው፣ ኋላም ከሰም ወደ ሸክላ፣ ከሸክላ ወደ ክር፣ ከክር ወደ ኮምፒዩተር የገለበጡት ሰዎች ያበላሹትና ያቃኑት ምን ያህል ነው? የተቀዳ ድምፅን አጥርቶ የማደስ ሥራ ታሪኩ በሙሉ ይህን ለመለየት የተደረገ ድካም ነው። ሥራው የመኪና ሥራ ብቻ ተደርጎ ሲታሰብ ይኖራል፤ ነገር ግን ዜማ የትኛው፣ ጫጫታ የትኛው እንደ ሆነ የሚፈርደው መኪናው አይደለም። ፈራጁ የዜማውን አገር ያላወቀ እንደ ሆነ ጫጫታውን ትቶ ዜማውን ያጠፋል።

ለዚህ ፍርድ አስቸጋሪነት ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ምሳሌ ከፓሪስ የተገኘው ነው። ኤድዋር ሌዎን ስኮት ደ ማርተንቪል የተባሉት ፈረንሳዊ በ1857 አንድ መሣሪያ አስመዝግበው ነበር፤ ይኸውም በጥላሸት የጠቆረ ወረቀት በከበሮ መሳይ ነገር ላይ ተጠቅልሎ በእጅ ሲዞር፣ በድምፅ የሚንቀሳቀስ ቀጭን ጠጉር በጥላሸቱ ላይ የንዝረቱን መስመር እንዲጽፍ የሚያደርግ ነው። ሰውዬው ድምፅ በዓይን እንዲታይ እንጂ ተመልሶ በጆሮ እንዲሰማ አላሰቡም፤ ኤዲሰን የተቀዳውን መልሶ የሚያሰማ መኪና ያወጡት ከዚያ 20 ዓመት ዘግይቶ በ1877 ነው። በ1860 ሚያዝያ ወር ስኮት ከቀረጹአቸው ወረቀቶች አንዱ የታወቀ የፈረንሳይ ልጆች ዘፈን ቁራጭ ይዞ ተገኘ፤ በ2008ም የአሜሪካ ተመራማሪዎች ወረቀቱን በምስል አንሥተው፣ መስመሩን በኮምፒዩተር ወደ ድምፅ ለውጠው አሰሙት። የሰማ ሁሉ ተደነቀ፤ ዘፋኝዋም ወጣት ሴት ወይም ልጃገረድ ሳትሆን አትቀርም ተባለ። ኋላ ግን ስሕተቱ ታወቀ። ስኮት በዘፈኑ መስመር አጠገብ የቅኝት ብረት ንዝረት አብረው አስጽፈው ነበር፤ የወረቀቱም ፍጥነት የሚለካው በዚያ ነው። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ሊቃውንት ግን አንዱን ንዝረት መሄጃውንና መመለሻውን ለየብቻ ቈጥረው ሁለት ይሉት ነበርና፣ 500 ተብሎ የተጻፈው በዛሬ አቈጣጠር 250 ብቻ ነበር። ፍጥነቱ በእጥፍ መብለጡ በ2009 ሲታረም፣ ልጃገረዲቱ ቀስ ብሎ የሚዘፍን ጐልማሳ ሆነች፤ ዘፋኙም ስኮት ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀርም ተባለ።

ስሕተቱ የታረመው በተሻለ ኮምፒዩተር እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። የቅኝት ብረቱ መስመር በወረቀቱ ላይ ስለ ነበረና የጥንቱን አቈጣጠር የሚያውቅ ሰው ስለ ተገኘ ነው የታረመው። መስመሩ ባይኖር ኖሮ ያቺ ያልነበረች ልጃገረድ እስከ ዛሬ ትዘፍን ነበር።

በዚህ ረገድ ከሁሉ አስቀድመው የነቁት የበርሊን ሊቃውንት ናቸው። በ1900 ፕሮፌሰር ካርል ሽቱምፍ የሲያም ቲያትር ተጫዋቾች ወደ በርሊን በመጡ ጊዜ ሙዚቃቸውን በሰም ቀርጸው የበርሊንን የፎኖግራም ቤተ መዛግብት መሠረቱ፤ ከ1905 እስከ 1933 ድረስም ቤተ መዛግብቱን ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴል መሩት። ሆርንቦስቴል ወደ ሩቅ አገር ለሚሄዱ ተጓዦች፣ ሐኪሞችና ሚሲዮናውያን ፎኖግራፍና ሰም ሲሰጡ አንዲት ትንሽ የቅኝት ፊሽካ አብረው ያስይዟቸው ነበር። ትእዛዙም፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ቀጂው ፊሽካዋን በመለከቱ ፊት ይንፋ የሚል ነው። ፊሽካዋ በሰኮንድ 435 ንዝረት የሚሰጥ ድምፅ ስለ ነበራት፣ ከዓመታት በኋላ ሰሙን የሚያሰማ ሰው የፊሽካው ድምፅ 435 እስኪሆን ድረስ መኪናውን እያፈጠነ ወይም እያዘገየ ትክክለኛውን ዙር ያገኛል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ዋጋውም የአንዲት ፊሽካ ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ትእዛዝ ችላ ያሉ ቀጂዎች ብዙ ነበሩ፤ የእነርሱም ሰም እስከ ዛሬ ድረስ በግምት ይሰማል።

የመኪናው ዙር ትክክል ሳይሆን ቢቀር ምን ይጐድላል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል የተሳሳተ እንደ ሆነ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አይዛባም፤ ትዝታ ትዝታ፣ ባቲም ባቲ ሆኖ ይኖራል። ነገር ግን የወንዱ ድምፅ የሴት፣ የሽማግሌው የወጣት ይሆናል፤ የልቅሶው ዜማም የዘፈን ፍጥነት ያገኛል። የከፋው ግን ሌላ ነው። ፎኖግራፉ የሚዞረው በሞላ ነውና ሞላው እየላላ ሲሄድ መኪናው ሰሙን በዝግታ ያዞር ነበር። በዝግታ የተቀረጸ ድምፅ በእኩል ፍጥነት ሲሰማ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ዘፋኙ በአንድ ቅኝት ጸንቶ ሳለ፣ የሚያዳምጠው ተመራማሪ ‹‹በዚህ አገር ዘፋኞች ዜማውን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ይጨርሳሉ›› ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ዘፋኙ በእውነት ከፍ አድርጎ እንደ ሆነም ሌላው የሞላው ጥፋት ነው ብሎ ሊያቃናው ይችላል። ፊሽካው በመጀመሪያና በመጨረሻ ተነፍቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባልተሳሳቱ ነበር።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ የተጀመረው ዘግይቶ አይደለም። በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥንታዊ ታሪክ ጓድ ሐውልቶቹንና የድንጋይ ጽሑፎቹን ከመመርመር ሌላ ፎኖግራፍ ይዞ ነበር፤ የጓዱ ሐኪም ዶክተር ኤሪክ ካሽከ ዜማና ንግግር በሰም ቀርጸው ወደ በርሊን ቤተ መዛግብት አስገቡ። ስለ አክሱም ጓድ ሲነገር ስለ ሐውልቶቹ ሥዕሎች እንጂ ስለ እነዚህ ሰሞች የሚያነሣው ጥቂት ሰው መሆኑ ያሳዝናል። ድንጋዩን ለማየት ወደ አክሱም መሄድ ይቻላል፤ በ1906 የተዜመውን ዜማ ለመስማት ግን ከሰሙ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ሰም ለስላሳ ስለ ሆነ በተሰማ ቍጥር መርፌው ፈሩን ይፍቀዋል፤ ሻጋታም ይበላዋል። ስለዚህ የበርሊን ሰዎች ሰሙን በመዳብ ለብጠው፣ ፈሩ በውስጠኛው በኩል ተገልብጦ የታተመበት የመዳብ ቅርጽ ያወጡ ነበር፤ ከዚያም ቅርጽ ሰም እያፈሰሱ እንደ ፈለጉ ያባዛሉ። በዚህ ሥራ ግን ዋናው ሰም ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ከ16,000 በላይ የሚሆኑት የዚህ ቤተ መዛግብት ቅጂዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከከተማው እንዲሸሹ ተደረገ፤ አብዛኛዎቹም በሶቪየት ሠራዊት እጅ ወደ ሌኒንግራድ ተወሰዱ፣ ኋላም ወደ ምሥራቅ በርሊን ተመለሱ፤ ጀርመን አንድ ከሆነች በኋላ በ1991 ወደ ቀድሞ ቤታቸው ገቡ። ዩኔስኮ በ1999 በዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ወደ ዲጂታል የተገለበጡትም ከዚህ ሁሉ ስደት በኋላ፣ ከመዳቡ ቅርጽ አዲስ ሰም እየፈሰሰ ነው።

የጥንቱ መለከት ያልተቀበለውን ድምፅ ግን ኋላ የሚመጣ ምንም ዓይነት ብልሃት አይመልሰውም። እስከ 1925 ድረስ፣ ማለት በኤሌክትሪክ መቅዳት እስኪጀመር፣ ዘፋኙ ወደ መለከት ይጮኻል፣ መለከቱም ቀጭን ንጣፍ ያንቀጠቅጣል፣ ንጣፉም መርፌውን ይገፋል፤ ሌላ ኃይል አልነበረም። በዚህ ዓይነት ሥራ በሰኮንድ ከ200 ንዝረት በታችና ከጥቂት ሺሕ ንዝረት በላይ ያለው ድምፅ አብዛኛው በፈሩ ውስጥ አይገባም። መለከቱም የራሱ አዋዋጅ አለው፤ አንዳንዱን ድምፅ ያገንናል፣ አንዳንዱን ይውጣል። በመለከት የተቀዳ ዘፋኝ ሁሉ በማሰሮ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን የሚመስለው ስለዚህ ነው።

ይህን የማሰሮ ድምፅ በኮምፒዩተር ለማስወገድ በመጀመሪያ የደከሙት በዩታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር ቶማስ ስቶክሃም ናቸው። ድምፅን በቍጥር የመጻፍ አሳብ ራሱ ከእርሳቸው የቀደመ ነው፤ እንግሊዛዊው አሌክ ሪቭስ በ1937 አውጥተውት ነበር። ድምፁ በየሰኮንዱ ብዙ ሺሕ ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ በቍጥር ይጻፋል፤ መኪናውም ቍጥሩን አንብቦ ድምፁን መልሶ ይሠራል። በ1982 ለገበያ የወጣው ኮምፓክት ዲስክ በሰኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። ቍጥር ከሰምና ከክር የሚሻልበት ምክንያት ሺሕ ጊዜ ቢገለበጥ የመጀመሪያውና የሺሕኛው ግልባጭ አንድ ስለሆኑ ነው፤ ሁለተኛም፣ ቍጥር የሆነ ነገር ስለሚደመርና ስለሚቀነስ ነው። ስቶክሃም የያዙት ይህን ሁለተኛውን ነበር።

ጣሊያናዊው ዘፋኝ ኤንሪኮ ካሩዞ በ1907 በመለከት ያስቀዱት አንድ የኦፔራ ዘፈን ነበር። ስቶክሃም ያንኑ ዘፈን ዩሲ ብዮርሊንግ የተባሉት የስዊድን ዘፋኝ ከብዙ ዓመት በኋላ በተሻለ መሣሪያ ካስቀዱት ጋር አስተያዩ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን አማካይ የድምፅ ስርጭት ልዩነት የመለከቱ ጥፋት ነው ብለው ቈጥረው ከካሩዞ ላይ ቀነሱት። ሥራው በሸክላ ታትሞ በ1976 ወጣ፤ ካሩዞም ከማሰሮው የወጡ መሰሉ። ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ የተሸሸገ ፍርድ አለ። የሁለቱ ሰዎች ጉሮሮ ልዩነትና የመለከቱ ጥፋት በአንድነት ተደምረው ነው የተቀነሱት። ዘፈኑ አንድ፣ የድምፁ ዓይነት አንድ፣ የትምህርቱም ወግ አንድ ስለ ሆነ ስሕተቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ይኸው ዘዴ በ1906 በአክሱም ወደ መለከት ላዜመ ደብተራ ቢደረግ ግን ማንን ምሳሌ አድርጎ ሊወሰድ ነው? ከስድሳ ወይም ከመቶ ዓመት በኋላ የተቀዳ የሌላ ደብር መሪጌታ ቢወሰድ፣ ውጤቱ የቀድሞው ዜማ በኋለኛው ድምፅ የተለሰነ ይሆናል።

ከ1980ዎቹ ወዲህ መንጣጣትንና ሽሽታን የሚያስወግዱ መኪናዎችና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በዙ፤ ዛሬም ማንም ሰው በቤቱ ሊይዛቸው የሚችል ሆነዋል። አሠራራቸው ሲታይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ፣ ድንገት ብቅ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ሹል ድምፅ ሲያገኝ እንደ ጭረት ቈጥሮ ይቈርጠውና ከግራና ከቀኝ ባለው ድምፅ ቦታውን ይሞላል። ሁለተኛው፣ ዘፈን በሌለበት ቦታ የሚሰማውን ሽሽታ መዝኖ፣ ያንኑ ከዘፈኑ ሁሉ ላይ ይቀንሳል። ለፒያኖና ለቫዮሊን የተሠራ ነውና በእነርሱ ላይ መልካም ያደርጋል።

እንግዲህ በገናን እንመልከት። በገና አሥር አውታር ያለው የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ሲሆን፣ አውታሮቹ ከብርኩማው ጋር በሚገናኙበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቊራጭ ቆዳ ይደረግበታል። እንዚራው አውታሩን ነክቶ ሳይዘው ስለሚተወው፣ የአውታሩ ድምፅ እንደ ንብ መንጋ ይነዝራል፤ በገና ያለዚህ ንዝረት በገና አይባልም። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ የሚያጠፋውም አውታሩን ከመቃኘቱ ይልቅ እንዚራውን በቦታው በማስቀመጡ ነው። በገናን ሰምቶ የማያውቅ የድምፅ ሠራተኛ ግን ይህን ንዝረት ሲሰማ የመሣሪያው ብልሽት ወይም የማይክራፎኑ ጥፋት ይመስለዋል፤ ፕሮግራሙም እንደ እርሱ ያስባል። ንዝረቱ ተቀንሶ ሲታይ የሚቀረው ድብን ያለ፣ ነፍስ የሌለው የወፍራም አውታር ድምፅ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። የበገና ድምፅ እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በትንሽ ድምፅ ማጉያ የአውታሩ ዋና ንዝረት ብዙውን ጊዜ አይሰማም፤ ሰሚው ድምፁን የሚያውቀው እንዚራው ከሚፈጥራቸው ቀጫጭን ተከታይ ንዝረቶች ነው፤ ጆሮ ከእነርሱ ተነሥቶ የጐደለውን ይሞላልና። ስለዚህ ንዝረቱን እንደ ጫጫታ የጠረገ ሰው ዜማውንም አብሮ ጠርጎታል።

የመሰንቆም ነገር እንዲሁ ነው። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲሳብ የሚሰጠው ፍትግታ የድምፁ አካል ነው፤ ሽሽታን የሚቀንስ ፕሮግራም ግን ፍትግታውን ከሸክላው ሽሽታ ለይቶ አያውቅም። ጸናጽል ሹልና ድንገተኛ ስለ ሆነ፣ ጭረት የሚያድነው ፕሮግራም እንደ ጭረት እያየ ይቈርጠዋል። በሠርግ መካከል የሚሰማው እልልታ፣ የጭብጨባው ቅደም ተከተል፣ የአዝማሪውን ግጥም የሚቀበለው የታዳሚ ሣቅ ለአዳሹ ትርፍ መስሎ ይታየዋል፤ ለሕዝብ ባህል ተመራማሪ ግን አንዳንድ ጊዜ ከዘፈኑ የበለጠ ይነግረዋል። ደግሞ አሁን የዘፋኝን ድምፅ ወደ ፒያኖ ደረጃ እየጐተተ የሚያቃና ፕሮግራም አለ፤ ይህ በአንቺሆዬ ጠባብ ርቀቶች ላይ ቢሠራ ቅኝቱን ሌላ ቅኝት ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ማደስ አይባልም።

ኢትዮጵያዊ ዘፈን ለገበያ በሸክላ የተቀዳው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. (በ1908) አካባቢ በጀርመን አገር ሳሉ ካስቀዱት ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ረጅም ስለ ሆነ በዚህ አይዘረዘርም። በ1969 አምኃ እሸቴ የመሠረቱት የሸክላ ማሳተሚያ ቤት የዘመናዊ ዘፋኞችን ሥራ ባለ 45 ዙር ሸክላ አድርጎ እንዳወጣ፣ ከ1997 ጀምሮም ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ ‹‹ኤትዮፒክ›› በተባለው ተከታታይ ሥራ ብዙዎቹን በኮምፓክት ዲስክ እንዳሳተሙ መናገር ይበቃል። ዛሬ በየሰዉ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የቀድሞ ዘፈን ግን አብዛኛው የመጣው ከዋናው ክር አይደለም። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር እየተገለበጠ ነው፤ በየደረጃውም አንድ ነገር ጐድሎበታል፣ አንድ ነገር ተጨምሮበታል።

ባለቤቶቹ ድምፁን ለማሻሻል ሲሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ፣ ወፍራሙን ያገንናሉ፣ ሁሉንም አጉልተው ጩኸት ያደርጉታል። ሥራው ግን ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። ሸክላው በጥንቃቄ ይታጠባል። በጥንቱ በ78 ዙር ሸክላ ላይ አልኮል አይነካም፤ ሸክላው የሚሠራበት የነፍሳት ሙጫ በአልኮል ይሟሟልና። የመርፌው ውፍረት ከፈሩ ጋር መስማማት አለበት። የ78 ዙር ፈር ከ65 እስከ 75 የሚሊሜትር ሺሕኛ የሚሆን ጫፍ ሲፈልግ፣ ለኋለኛው ሸክላ የሚሆነው 25 ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ቀጭኑ መርፌ በሰፊው ፈር ወለል ላይ ይንከባለልና ትቢያውን ሁሉ ያነባል። የድሮ የብረት መርፌ ያረጀውን የፈር ግድግዳ ትቶ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያልተነካውን ቦታ የሚይዝ መርፌ ሲመረጥ፣ የጠፋ መስሎ የነበረው የዘፋኝ ቃል ተመልሶ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ከ1954 በፊት የወጡ ሸክላዎችም ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ ቀጭኑን አጉልቶ የመቅረጽ ልካቸው እንደየአሳታሚው ይለያይ ነበርና፣ ሁሉን በአንድ ልክ መስማት ስሕተት ነው። በካሴት ላይ ደግሞ የማንበቢያው ራስ ዝንባሌ ካሴቱን ከቀዳው መኪና ዝንባሌ ጋር ካልተስማማ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይታፈናል። አንዲት ትንሽ ብሎን በማዞር የሚድነውን ነገር፣ ከተገለበጠ በኋላ በኮምፒዩተር የሚያድኑት ሰዎች ሽሽታውን አጉልተው ይተዉታል።

እንዲሁም በ1993 የወጣው ኤምፒ ሦስት የተባለው አጻጻፍ ቦታ ለመቈጠብ ሲል ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ይጥላል። ከዚያ በኋላ ይህን ፋይል ወደ ትልቅ ፋይል መለወጥ የተጣለውን አይመልሰውም፤ ትንሽ ጠላ በትልቅ ጋን ቢገለበጥ ጠላው አይበዛም። ግምቱን ያደረጉትም ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ በገና ሲሰሙ የኖሩ አልነበሩም።

የዓለም አቀፍ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ለዚህ ሁሉ ያወጣው ደንብ አጭር ነው፤ አስቀድሞ ምንም ያልተነካ ግልባጭ ይወሰድ፣ ልኩም በሰኮንድ 96,000 ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ የማጥራት ሥራ የሚሠራው በሁለተኛ ግልባጭ ላይ ነው፤ የተደረገውም ሁሉ ይጻፍ። የደንቡ ጥቅም በአሜሪካ የፓሳማኳዲ ሕዝብ ዘንድ ታይቷል። ጄስ ዋልተር ፊውክስ በ1890 የዚህን ሕዝብ ዘፈንና ተረት በሜን ግዛት በሰም ቀርጸው ነበር፤ በመስክ ለምርምር የተቀዳ የመጀመሪያው ድምፅ ይህ ነው። በ1980ዎቹ ግልባጩ በካሴት ለባለቤቶቹ ተመለሰ፤ ቃሉን ግን ለመለየት አዳጋች ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰሙን ጠብቆ ስላቈየው፣ ከዓመታት በኋላ በተሻለ መሣሪያ እንደ ገና ተገለበጠ። ቃሉን አንድ በአንድ የለዩትም መሐንዲሶቹ ሳይሆኑ ቋንቋውን የሚያውቁት የሕዝቡ ተወላጆች ናቸው፤ በመንጣጣቱ መካከል የትኛው ፊደል፣ የትኛው ጭረት እንደ ሆነ የሚያውቅ ጆሮ የእነርሱ ነበርና።

አሁን በካሊፎርኒያ በርክሌይ ከተማ ካርል ሃበርና ቪታሊ ፋዴዬቭ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባወጡት ብልሃት ሰሙን መርፌ ሳይነካው ፈሩን በካሜራ አንሥቶ ወደ ድምፅ መለወጥ ይቻላል፤ የተሰበረና የተሰነጠቀ ሰም ሳይቀር ይሰማል። ካሜራው ግን አቧራውን ከፈሩ፣ ፈሩን ከእንዚራው ንዝረት ለይቶ አያውቅም። የበገናና የዜማ ሊቃውንት ባሉበት አገር ይህ ሥራ ሲሠራ፣ መሪጌታውና በገና ደርዳሪው በኮምፒዩተሩ አጠገብ ወንበር ሊኖራቸው ይገባል። ዛሬ በመስክ የሚቀዳ ሰውም፣ መሣሪያው የቱን ያህል የተራቀቀ ቢሆን፣ ከዘፈኑ በፊትና በኋላ የሆርንቦስቴልን ፊሽካ ቢነፋ፣ የበገናውንም እያንዳንዱን አውታር እንዚራው ተነሥቶና ተመልሶ ለየብቻ ቢያስቀዳ፣ የሚያስፈልገው ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።